ቢላውን የዘለለው ምስክርነት

ታላቅ እህቴ መታመሟን የነገረኝ ሳሏ ሳይሆን መዝሙሯ ነው። ሆመቾ ከተማ ባለው ቤቷ ጓሮ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ መዝሙር የምታወጣው ሁልጊዜ እሷ ናት፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ያን ቅዳሜ ልጠይቃት ከሆሳዕና ሄጄ እኔም መሐላቸው ተቀምጬ ነበር፤ ለወሬ እንጂ ለሥራ አይደለም። እጄ ቢሮ የለመደ ሰነፍ እጅ ነው ብለው ስለሚስቁብኝ መፋቂያ አያስነኩኝም። እህቴ አንድ እግሯን አንሥታ እንሰቱን ጣውላው ላይ በእግሯ ይዛ እየፋቀች መዝሙሩን ጀመረች፤ ሁለተኛው ስንኝ መሐል ላይ ድምፅዋ ቆመ። ሊቀበሏት የተዘጋጁት ሴቶች አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ደረቅ ሳል አሳላት፣ ከሳሉ በኋላ ደግሞ ከደረቷ ቀጭን ፉጨት ተሰማ። ቀና ብላ ብርድ ነው አለችን፤ ሥራው ቀጠለ።

እኛ አገር ብርድ የማይሠራው ነገር የለም። ወገብ የሚይዘው ብርድ ነው፣ ሆድ የሚነፋው ብርድ ነው፣ ሰው ትዳሩ ሲከፋውም ፊቱን ያጠቆረው ብርድ ነው ይባላል። እኔ የምሠራው ሆሳዕና የውሃ ቅሬታ የሚቀርብበት መስኮት ላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የሰው ምክንያት ስሰማ እውላለሁ፤ ትዕግሥቴም ምላሴም እዚያው ተበላሽተዋል። ሳል ከሰነበተ ሐኪም ያየዋል አልኳት። እሷም ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳም ስትል የገበያውን ቅጠል ሁሉ ቆጠረችልኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚሉት፣ ሳሉም እንዲሁ እያሳሳቀን ከበጋ ወደ ክረምት ተሻገረ።

በመጨረሻ ባሏ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰዳት። ባሏ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ክፍል ውስጥ ድምፁን ጨርሶት ይምጣ ወይም ሲፈጠር እንዲሁ ይሁን አላውቅም፣ ቤት ውስጥ ቃል አይወጣውም። ከዚህ በፊት የነበረብሽ ሕመም አለ ወይ ተብላ ስትጠየቅ የለም አለች፤ እሱም አጠገቧ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። የአክታው ምርመራ ምንም ባያሳይም ሳሉ ስለሰነበተና ስለከሳች የሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ መድኃኒቱ ተጀመረላት። ማንም ሳያዛት ብርጭቆዋንና ሳህኗን ለየች፤ የእህቷን ልጆች፣ ማለትም የእኔን ልጆች፣ መሳም አቆመች። መድኃኒቱን አንድም ቀን ሳታጓድል ዋጠች፣ ፉጨቱ ግን ባሰ። አክታዋ ላይ ደም መታየቱን ባሏ ደውሎ ሲነግረኝ ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ፤ ሚኒባስ ይዤ ሄጄ ከነባሏ ወደ ሆሳዕና አመጣኋት።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። እህቴ ከዚያ በፊት ታማ ታውቃለች። ከዓመታት በፊት ግራ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶ፣ ካንሰር ነው ተብሎ፣ ሆስፒታል ተኝታ ጡቷ ተነሥቷል። ሾርባ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ስትወጣ ሐኪሙ ለዓመታት በየቀኑ የምትውጠው ክኒን አዘዘላት፤ በየጊዜው እየተመለሽ ትታያለሽ አላት።

ቁስሉ እንደ ሻረ ቤተ ክርስቲያን ቆማ መሰከረች። የእኛን ቤተ ክርስቲያን ለማያውቅ ሰው ልናገር፦ ምስክርነት የራሱ መልክ አለው። ጭንቀቱን ትናገራለህ፣ ጸሎቱን ትናገራለህ፣ ከዚያ ጌታ ያደረገውን ትናገራለህ፣ ሕዝቡም አሜን ይላል። አጭር እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከኋላህ ሌላ መስካሪ ቆሟል። የላቦራቶሪው ወረፋ፣ የሰመመን መርፌው፣ የሐኪሙ እጅ በዚህ መሐል ቦታ የላቸውም። እህቴም እብጠት ነበረብኝ፣ ጸለያችሁልኝ፣ ጌታ አነሣልኝ አለች። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ማታ እቤት የምስጋና ራት ተደርጎ እንግዶቹ ሲወጡ እኔ አላስቻለኝም።

«ሐኪሙን የት ጣልሽው?» አልኳት።

«ሐኪሙን የሠራው ማን ሆነና?» አለችኝ እየሳቀች።

 ዛሬም ቢሆን ለዚያ ጥያቄ መልስ ያለኝ አይመስለኝም፤ እህቴ ትክክል ነበረች። ያላሰብነው ሌላ ነገር ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ በጉባኤ ፊት ድኛለሁ ያለ ሰው በማግስቱ ክኒን ሲውጥ ቢታይ ቃሉን እንዳጠፈ ይቆጠራል። ማንም አትዋጪ አላላትም። እሷው አፈረች፤ ክኒኑን መጀመሪያ ተደብቃ ዋጠችው፣ ቀጥላም ተወችው። ቀጠሮውንም ተወችው። የደረቷን ባዶ ቦታ በታጠፈ ጨርቅ ሞላችው፣ የበሽታው ስም ከቤቷ ወጣ። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያኔ የማውቀው ስለዚያ ሕመም መጠየቅ ደስ እንደማይላት ብቻ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት እኮ በእኔ ላይ ስትተርትብኝ የኖረች እሷው ናት።

ሆሳዕና ያየን ሐኪም ወጣት ነው። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ብዙ ቆየ። የግራ ሳንባዋ የታችኛው ክፍል አየር አጥቶ ተኮማትሯል አለን፤ ሳንባው ራሱ ከመታመሙ ይልቅ ወደ እሱ የሚወስደውን የአየር ቧንቧ ከውስጥ የዘጋው ነገር ያለ ይመስላል። ነቀርሳም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፣ ግን በዚህ ሁሉ መድኃኒት ትንሽ እንኳ መሻል ነበረበት። ከዚያ ያችኑ ጥያቄ ጠየቀ፤ እናቴ፣ ከዚህ በፊት ከባድ ሕመም ወይም ቀዶ ሕክምና ነበረብዎት ወይ አላት።

የለም አለች። ባሏ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ። እኔ አፌን ስከፍት በሀዲይኛ፣ ቀስ ብላ፣ ተይ አለችኝ። ታላቄ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝም እሷ ናት። አፌን ዘጋሁ፤ ጆሮዬ ግን በንዴት ጋለ።

ሐኪሙ ማዳመጫውን ይዞ ተነሣና ሹራቧን እንድታወልቅ ለመናት። በላዩ ላይ ስማው አለችው፤ ሌሎቹ ሁሉ በላዩ ላይ ነበር የሰሙት። እንደዚያ ከሆነ የሚሰማው ሹራቡን እንጂ ሳንባዋን እንዳልሆነ ነገራት፤ ባሏን ወደ ውጭ አስወጣና መጋረጃውን ሳበ። እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አየችኝ። ከዚያ ሳትቸኩል ሹራቧን አወለቀች፣ የቀሚሷን ቁልፎች ፈታች፣ የታጠፈውን ጨርቅ አወጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ጨርቁ ሞቆ ነበር። 

«ይኼ በሽታ አይደለም» አለችው ጠባሳውን በመዳፏ ሸፍና። «ጌታ ለሠራልኝ ሥራ ምስክር ነው።»

 ሐኪሙ ሊገሥጻት ነው ብዬ ስጠብቅ ወንበሩን ስቦ ከእሷ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።

«አልከራከርዎትም እናቴ» አላት። «እኔ ግን የኋላውን ካልነገሩኝ አሁን የሚያፍንዎትን አላገኘውም።»

ያኔ ነገረችው፤ ክኒኑንም ጭምር። ለሐኪሙ እያወራች የሰማሁት ለእኔም አዲስ ነበር።

አዲስ አበባ ላከን። እዚያ ጉሮሮዋን አደንዝዘው ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ወደ አየር ቧንቧዋ አስገቡ፤ ከባቄላ ብዙም የማይበልጥ እብጠት ቧንቧው ግድግዳ ላይ ተቀምጦ በሩን ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ከእሱ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱን የነገረችን ሴት ሐኪም ይህ የሳንባ ካንሰር አይደለም አለች። ለአፍታ ደስ አለኝ፣ ሞኝ ነኝና። ከዚያ ቀጠለች፤ ያው የጡቷ ካንሰር ነው፣ በደም መንገድ ተጉዞ እዚያ አርፏል፤ ሳንባ ውስጥ ቢገኝም ጠባዩም መድኃኒቱም የጡት ነው። ካንሰር ሳንባ ላይ ሲሰራጭ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ሥጋው ላይ ነው፣ እንዲህ ቧንቧው ውስጥ መውጣቱ ብዙ አያጋጥምም፤ ሲያጋጥም ግን ከአስምም ከነቀርሳም ጋር ያምታታል፣ በተለይ የቀድሞው ሕመም ካልተነገረ።

ይህ ነገር አሁንም ድረስ ያስገርመኛል። ከሙዱላ መጥቶ ሆሳዕና ቤት የሠራ ሰው፣ ልጆቹ እዚህ ተወልደውም ቢሆን፣ የየት ልጅ ነህ ሲባል የሙዱላ ነኝ ይላል። በሽታውም እንደዚያ ነው። ለዓመታት ዝም ብሎ፣ ሌላ ቤት ገብቶ፣ ሌላ በር ዘግቶ ሲገኝ እንኳ ጠይቀህ ከመረመርከው የተነሣበትን አገር ይናገራል። እኔ ደግሞ መስኮቴ ላይ ሆኜ ስንቱን ሰው መክሬያለሁ፤ ውሃ የጠፋው ቤትህ ቢሆንም ብልሽቱ እዚያ ላይሆን ይችላል፣ መስመሩን ወደ ላይ ተከተለው እያልኩ። የእህቴን መስመር ወደ ላይ ልከተል ሳስብ ሁሉም ነገር ቆሞ የሚጠብቀኝ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ ማይክሮፎኑ አጠገብ ነው።

ሐኪሟ አልዋሸችንም። ነቅሎ ማጥፋት አይቻልም፤ ማገድ ግን ይቻላል፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ማንም አያውቅም። በሩን የዘጋውን እብጠት በጨረር አሳነሱት፤ የተወችውን ክኒን የሚመስል ሌላ ክኒን ጀመረች። ትንፋሿ በመጠኑ ተመለሰ። ፉጨቱ ቀጠነ እንጂ አልጠፋም።

ወደ ቤት ስንመለስ ወራቤን እስክናልፍ አልተናገረችም። ስለ ሞቷ የምታስብ መስሎኝ እጇን ይዤ ነበር።

«ያኔ ውሸት ነው የመሰከርኩት?» አለችኝ።

 መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች። አንዲት ልጅ አለች አለችኝ፤ ከመዘምራኑ ጋር የምትዘምር፣ ገና ጡት ያላስጣለችው ሕፃን ያላት። ከወራት በፊት ጡቷ ላይ የወጣውን እብጠት ለእህቴ ብቻ አሳይታታለች። እህቴም እጇን ጭና ጸልያላት ነበር፣ እኔንም ጌታ ነው ያነሣልኝ፣ አንቺንም አይተውሽም ብላ። ስለ ሆስፒታሉ አልነገረቻትም። ልጅቱ እስከ ዛሬ እየጠበቀች ነው። 

እንደ ደረስን ልጅቱን አስጠርታ የሆስፒታሉንም የክኒኑንም ነገር ነገረቻት። ልጅቱ ራሷን አቀርቅራ ሰማቻት፣ ከዚያ አክብሮቷን ሳታጎድል ሕመሙ ነው እንዲህ የሚያናግርሽ አለቻት፤ ስትጠነክሪ እንደ ቀድሞሽ ትናገሪያለሽ። ሄደች። እኔ ተቆጥቼ ልከተላት ስል እህቴ ከለከለችኝ። ልጅቱ አልተሳሳተችም፤ እኛ ዘንድ በጉባኤ የተነገረን ነገር ጓሮ ውስጥ አታፈርሰውም። በሁሉ ፊት የተባለ በሁሉ ፊት ነው የሚታረመው።

ወንጌላዊውን አስጠራችው። እሱ ሲመጣ ወገቤን አስሬ ነበር የጠበቅሁት፤ እምነት ጎደላት የሚል ከሆነ የምመልስለትን አዘጋጅቻለሁ። ሰውየው ግን እንደዚያ አላለም። አለቀሰላት፣ ጸለየላት፣ ከዚያ የምትለውን ሰምቶ ተጨነቀ። ብዙ ሰው በእሷ ምስክርነት እንደ በረታ፣ አሁን ተነሥታ እንዲህ ብትል ደካሞቹ እንዳይሰናከሉ እንደሚፈራ ነገራት። ጭንቀቱ የእውነት ነበርና ክፉ ልናገረው አልቻልኩም።

«የተሰናከለች አለች» አለችው እህቴ። «እኔው ነኝ ያሰናከልኳት።»

ስሟን አልነገረችውም። እሱም አልጠየቀም። እሁድ ትናገሪያለሽ አላት።

እሁድ ሰው ሞልቶ ነበር። ቆማ መናገር ስለማትችል ወንበር ተደረገላት፤ ማይክሮፎኑን ባሏ ያዘላት። ያ ድምፅ የለሽ ሰው ያን ሁሉ ጊዜ ክንዱ ሳይዝል ቆመ። እህቴ በየዓረፍተ ነገሩ መሐል ትንፋሿን እየጠበቀች ተናገረች፤ ፉጨቷ በድምፅ ማጉያው በሁላችንም ጆሮ ገባ።

«ጌታ ፈወሰኝ ብያችሁ ነበር» አለች። «ዛሬም እለዋለሁ። ግን ቢላውን ዘልዬዋለሁ። እብጠቱ የወጣው በሐኪም ቢላ ነው፤ እዚህ ጋ ባዶ ነው። ክኒን ተሰጥቶኝ ነበር፣ እናንተን አፍሬ ተውኩት። አሁን ያው በሽታ ትንፋሼ ላይ ተቀምጧል። ጌታን አላማሁትም። ምስክርነቱን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ደረቷ ላይ የሆነ ነገር ያላት ብትኖር ትጸልይ፤ ሄዳም ትታይ።»

አሜን ያለ አልነበረም። ሰዉ ምን እንደሚባል አላወቀም፤ የእኛ ምስክርነት እንዲህ አያልቅምና። አንዳንዶቹ መሬት መሬቱን አዩ። ከኋላ አንዲት አሮጊት ዘግይተው፣ ለብቻቸው፣ አሜን አሉ። ባሏ ብብቷን ደግፎ ወደ ቦታዋ መለሳት፣ መዘምራኑም ተነሡ። እኔ ልጅቱን ፈለግኋት። ከመዘምራኑ መሐል ቆማለች፣ ከንፈሯ ግን አይንቀሳቀስም።

ሰኞ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። እህቴ ግቢው በር ላይ ወንበሯን አድርጋ መንገዱን ስታይ ዋለች፤ ግቢ እንድትገባ ስጨቀጭቃት ፀሐይ ልሙቅ ትለኛለች፣ ፀሐይ ሳይኖር። ረቡዕ ጠዋት ልጅቱ ሕፃኑን አዝላ መጣች። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ፣ የታየሽው የት ነው አለቻት። እህቴ መንገር ትታ ነጠላዋን አነሣች። ደክመሻል፣ እኔ እወስዳታለሁ ብዬ ለመንኳት፤ አንቺ ሕፃኑን ያዢ አለችኝ።

ሆሳዕና ከሚኒባሱ ወርደን ባጃጅ ያዝን። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እህቴ ግድግዳ እየያዘች፣ እየቆመች ነው የተራመደችው፤ ልጅቱ ደግሞ አብራት ትቆማለች። ተራችን ሲደርስ ያ ወጣት ሐኪም እህቴን አይቶ ተነሣ። ታማሚዋ ዛሬ እሷ አለመሆኗን ሲረዳ ልጅቱን አስቀመጣት፣ ወረቀቱን ሳበና የተለመደውን ጥያቄ ጠየቃት፤ ምን ሆነሽ ነው የመጣሽው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው።

 ልጅቱ ዞራ እህቴን አየቻት። 

እህቴ ለመናገር የሚበቃ ትንፋሽ እስክታገኝ ጊዜ ወሰደባት። ሐኪሙም ጠበቃት።

«ንገሪው» አለቻት። «ከመጀመሪያው ጀምሪ። ምንም እንዳትዘልዪ።»